በደረቅ ክብደት

ሟቹ ሁሉን ነገር ይመዝን ነበር። ምሳውን፣ ጨውን፣ የሚጥለውን ወረቀት ሳይቀር። በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ለሁሉም «ጋሼ ሚዛን» ነበር። ሥራው የጫካ እንጉዳይ ውስጥ ምን እንዳለ መለካት ነው፤ ስንት ብረት፣ ስንት ዚንክ፣ ስንት እርሳስ። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮው ቁጭ ብሎ የእንጉዳይ ሾርባውን ጠጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ ነበር። ረቡዕ ማለዳ ሞተ።

መርማሪዋ ሬሳውን ለማየት አርባ ደቂቃ ጠበቀች። የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ቁርስ ላይ ነበር። መጠበቅ አትወድም። ጣቢያ ውስጥ ከኋላዋ «ወይዘሮ ቶሎ» ይሏታል፤ ታውቃለች።

ተረኛዋ ሐኪም ዐይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«እንጉዳይ ነው የገደለው ይላሉ» አለች መርማሪዋ።

«ይላሉ። ገዳዩ እንጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ቀን ዝም ይላል። ለመግደልም ቀናት ይፈጅበታል። ይኼ በአንድ ሰዓት ነው የጣለው።»

«እና?»

«አርሴኒክ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩት።»

«እርግጠኛ የምትሆኚው መቼ ነው?»

«ከሆዱ የወሰድነውን ወደ ሌላ ከተማ ልከናል። አሥር ቀን።»

«እዚህ አይለካም?»

«እዚህ ከተማ እንዲህ ያለውን የሚለካ ማሽን አንድ ብቻ ነው።» ሐኪሟ በአገጯ ወደ ሬሳው ጠቆመች። «የእሱ ላቦራቶሪ ውስጥ።»

መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። አርሴኒክ የሚለው ቃል ከሁለታቸው አፍ እንዳይወጣ ሐኪሟን አስማለቻት። ከዚያ ስልኳ ጮኸ።

አዛዡ ነበር፤ ደስ ብሎታል። ገዳዩ ተይዟል አላት። ማን? እማማ ዘንቢል። ሰኞ ሰኞ ከጫካ የለቀመችውን እንጉዳይ እስከ ላቦራቶሪው በር ድረስ የምታመጣ አሮጊት ናት። ከተከለከለው ሸለቆ፣ ከድሮው ማዕድን ማውጫ ሥር ለቅማ መርዝ አብልታዋለች። ፋይሉ ሐሙስ ቀትር ላይ ይዘጋል። ለቃሚዎች ሁሉ ከጫካው እንዲወጡ የሚለው ማስታወቂያ ታትሞ መለጠፍ ብቻ ነው የቀረው።

«ጌታዬ፣ ይኼ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

«ሐሙስ ቀትር» አለና ዘጋው።

ላቦራቶሪው የደረሰችው አራት ሰዓት ላይ ነው። ረዳቷ ሃምሳ አለቃው ቀድሟት ሻይ ክፍል ተቀምጧል፤ የመሥሪያ ቤቱ የውሃ ማፍያ ጠረጴዛው ላይ ተበታትኗል። ድሮ ጦር ሰፈር ኤሌክትሪክ ይጠግን ነበር። የተበላሸ ነገር ካየ ሳይፈታ አያልፍም። ሲፈታም ሲገጥምም ዝግ ነው፤ እንደ ዓመት በዓል በግ ገዢ እየዞረ እየዳበሰ።

«የሾርባው ትራፊስ?» አለችው።

«አስረከብኩ።»

«ለማን?»

«ለሟቹ ምክትል። ሊለካው ነው።»

ዐይኗን ጨፈነች። ከሟቹ ጋር ለሚሠራ ሰው ማስረጃውን በእጁ ሰጥቶታል። ሃምሳ አለቃው አልደነገጠም። በደንብ ነው ያስረከብኩት አለ፤ የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ሳይመዘን አልቀበልም ብላ ምሳ ዕቃው ከነትራፊው ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ቅጽ በሁለት ኮፒ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ። ጋሼ ሚዛን ያወጡት ደንብ ነው፤ ሳይመዘን ምንም አይገባም። ወረቀቱን ሊያሳያት ኪሱን ሲዳብስ ጊዜ ወሰደ።

«እዚያው ተወው» አለችው። «ትዕዛዜን ሳትጠብቅ ሁለተኛ ምንም ነገር እንዳታስረክብ።»

«እሺ አለቃ» አለና ወደ ማፍያው ተመለሰ።

ንብረት ክፍሏ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ወፍራም ሴት ናት። ወገቧ ላይ ያለው ቁልፍ ስትራመድ ይቀድማታል። ስታለቅስ ነው ያደረችው፤ ስታማርር ግን ድምፅዋ አይሰበርም። ሦስት ወር መለዋወጫ ጠይቃ መልስ የለም። ቀለም የለም። የሽንት ቤቱ በር አይዘጋም። ከላይ ሪፖርት እንጂ ሌላ የሚጠይቅ የለም። መርማሪዋ ምክትሉን ጥሪልኝ ስትላት ዝናብ ጀመረ። ሴትየዋ ኮሪደሩ ጥግ የቆመውን መስታወት በር ያለው ነጭ የብረት ሣጥን ከፈተች። ከሻይ ብርጭቆዎችና ከነጠላ ጫማ መሀል ጃንጥላዋን አወጣችና ወደ ማዶው ሕንፃ ሄደች።

መርማሪዋ የሟቹን ቢሮ ብቻዋን ዞረችው። ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ በመስታወት የተሸፈነ ትንሽ ሚዛን። መሳቢያው ውስጥ የጨው ብልቃጥ አለ። ወገቡ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ቀንና ቁጥር። ዓርብ 64። ሰኞ 63። ማክሰኞ 62። ሴትየዋ ተመልሳ ስትመጣ ምንድነው ይኼ አለቻት።

«ደም ግፊት ነበረበት። በቀን አንድ ግራም ጨው ነው የተፈቀደለት። ሾርባው አልጫ ነው የሚመጣለት፤ እዚህ መዝኖ ይጨምርና የቀረውን ይጽፋል።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ እንኳ አንድ ቀን ለቲማቲሜ ቆንጥሬ ስድብ ጠጥቻለሁ። በማግሥቱ ደርሶበት።»

«ይኼን ቢሮ ማን ይከፍታል?»

«እሱ። እኔ። ምክትሉ።»

ምክትሉ ነጭ ካፖርቱ ተተኩሷል፤ ፀጉሩ ተበጥሯል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሐዘኑ ሥርዓት ያለው ነው። እንጉዳይ እንደ ስፖንጅ ነው ብሎ አስረዳት፤ አፈሩ ውስጥ ያለውን ይመጥጣል፣ ጥሩውንም ክፉውንም። እሱ ራሱ የጫካውን ሠላሳ ናሙና ለክቶ ንጹሕ ነው ብሎ ሪፖርት አድርጓል። ሪፖርቱ ከላይ ተወድሶለት በሚቀጥለው ወር አዲስ ቅርንጫፍ ሊመራ ነው። ሸለቆው ግን አልተለካም። አሮጊቷ ከዚያ ለቅማ ከሆነ…

«ክፋት አስባ ነው አልልም» አለ። «ድህነት ነው። ለማንኛውም ውጤቱን ቶሎ አደርስልዎታለሁ።»

አደረሰላት። ሰባት ሰዓት ላይ በእጁ ይዞላት መጣ፤ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ዚንክ፤ ሁሉም ከፍ ያለ። አርሴኒክ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ሚሊግራም በኪሎ፣ በደረቅ ክብደት።

አርሴኒክ። ሐኪሟ ልክ ነበረች። መርማሪዋ ግን ደስ አላላትም። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ጠብቃለች፣ ፊርማ ጠብቃለች፣ ሊፍት ጠብቃለች። ከሰዓቱ በፊት የደረሰላት ነገር ይኼ ወረቀት ብቻ ነው። ለምን እንደሚከነክናት አላወቀችም።

አዛዡ ግን ወረቀቱን ሲያይ እጁን አፋተገ።

የሟቹ ቤት ውስጥ ከጎረቤት የተሰበሰበ ወንበር ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። ሚስቱ መርማሪዋን ከለቀስተኛው ለይታ ጓዳ ወሰደቻት። አላለቀሰችም። ተናዳለች።

«እኔንም መዝኖ ነው ያገባኝ» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት። ይኼን ያህል ተጠንቅቆ፣ ይኸው።»

ሾርባውን የሠራችው እሷ ናት። እሷ እንጉዳይ አትወድም፤ ሽታው ያስጠላታል። ለእሱ ብቻ ነው የሠራችው፣ ድስቱም ታጥቧል። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደርሳ እስኪሞት አልጋው ሥር ነበረች። ተረኛዋ ሐኪምም ይኼንኑ ብላለች። ሰሞኑን የተለየ ነገር ነበር ወይ ስትላት ትንሽ አሰበች።

«እንጉዳይ በረንዳ ላይ ቢሰጣ በስንት ቀን ይደርቃል አለኝ። ሠላሳ ዓመት የለካ ሰው እኔን ይጠይቀኛል?»

«ምን አልሽው?»

«በደረቁ ወራት ሦስት ቀን። በዚህ ዝናብ ግን ይሻግታል እንጂ አይደርቅም አልኩት። ራሱን ያዘ። እንቅልፍም አልተኛ።»

እማማ ዘንቢል ጣቢያው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ነበረች፤ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ። ማንም ሊቀበላት ቢል አልሰጥም ብላለች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጥፍሯ ሥር ያለው አፈር የሚለቅ አይመስልም።

«አንቺ ነሽ የምትቸኩይው?» አለቻት።

«ማን አለዎት?»

«ሁሉም። ተቀመጪ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

መርማሪዋ አልተቀመጠችም። ከሸለቆው ለቅመዋል ወይ አለቻት። አሮጊቷ ጉልበቷን አሳየቻት፤ በዚህ ጉልበት ሸለቆ የሚወርድ ካለ እሱ ይታሰር። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔስ ልታሰር። የልጅ ልጄ ናት የምታሳስበኝ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ እናት የላትም። ያንኑ እንጉዳይ በየቀኑ ነው የማበላት። መርዝ ነው ካላችሁ እሷንስ ምን አድርጌያታለሁ?»

መርማሪዋ ብዕሯን አወጣች። ሰውዬው ሰሞኑን ምን አሉዎት ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ጋሼ ሚዛን? ባለፈው ሰኞ በሩ ላይ አቆመኝ። በነዚህ ሁለት ወራት፣ ያለ እሳት፣ ያለ ምድጃ፣ ሠላሳ ዘለላ ማድረቅ ትችያለሽ አለኝ። እንኳን ሠላሳ ሦስትም አይሆን፣ ሰማዩን አታይም ወይ አልኩት። አመሰግናለሁ ብሎ ገባ። ፊቱ ግን አመድ ነበር።»

ሁለት ሰው፣ አንድ ጥያቄ። መርማሪዋ ያን ምሽት ወረቀቷን ስታገላብጥ ቆይታ ንዴቷን ይዛ ተኛች።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ንብረት ክፍሏን ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«በደረቅ ክብደት ማለት ምን ማለት ነው?»

ሴትየዋ እንደ ሞኝ አየቻት። እንጉዳይ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ነው አለች። በእርጥቡ ከተለካ ውሃው ያታልላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማድረቂያ ውስጥ ይገባል። አንድ ሙሉ ቀን። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም። ከዚያ ይፈጫል፣ በአሲድ ይሟሟል፣ ማሽኑ ያነበዋል። ሾርባም ቢሆን ያው ነው።

«ማድረቂያው የታለ?»

ሴትየዋ ዞር ብላ በቁልፏ ጠቆመች። ወደ ነጩ የብረት ሣጥን። በመስታወቱ በር ውስጥ ብርጭቆዎቹ፣ ነጠላ ጫማው፣ ጃንጥላው ይታያሉ።

«ከተበላሸ ሦስተኛ ወሩ ነው። ያልጻፍኩበት ቢሮ የለም። ዝም ብሎ ከሚቆም ዕቃዬን አስቀመጥኩበት።»

መርማሪዋ ሣጥኑ ፊት ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ሻይ ክፍል ሄደች። ሃምሳ አለቃው የውሃ ማፍያውን ገጥሞ ሻይ እየጠጣ ነው።

«ያን ወረቀትህን አምጣው» አለችው።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም የሟቹ ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ሚስቱ ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ንብረት ክፍሏ በሩ ጋ፤ ምክትሉ መስኮቱ ጋ እጁን አጣምሮ። እማማ ዘንቢል ከነዘንቢሏ በሃምሳ አለቃው ታጅባ መጣች። አዛዡ ሰዓቱን እያየ ነው፤ አንድ ሰዓት ቀርቶሻል አላት። አይፈጅም አለችው።

የጨው ብልቃጡን ከመሳቢያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ ሚዛን ማክሰኞ ምሳ ላይ ጨው ጨመረና የቀረውን ጻፈ። ስድሳ ሁለት ግራም። የብልቃጡ የራሱ ክብደት ሥሩ ላይ ተጽፏል፤ ሁለት መቶ አሥር። ደምሩት።»

«ሁለት መቶ ሰባ ሁለት» አለች ንብረት ክፍሏ።

መርማሪዋ ብልቃጡን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሦስት መቶ ሃያ ስምንት።

እማማ ዘንቢል ብቻ አንገቷን አስግጋ ሚዛኑን አየች።

«ማክሰኞ ታመመ፣ ረቡዕ ሞተ። የሞተ ሰው ጨው ግን ጨመረ» አለች መርማሪዋ። «መርዙ እንጉዳዩ ውስጥ አልነበረም። ከጨው ጋር ተቀላቅሎ እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ነበር። ያስገባው ሰው የጋሼን ጠባይ ያውቃል። ሰኞ ማታ ከጨው ያወጣውን ያህል መርዝ መዝኖ ነው የተካው፤ ስድሳ ሦስቱ ስድሳ ሦስት እንዲሆን። ጋሼ ሳይጠረጥር አንድ ግራሙን ቀነሰና ጻፈ። ከዚያ ሰውየው ወድቆ ሲወሰድ ያ እጅ ተመልሶ ብልቃጡን ደፋና ንጹሕ ጨው ሞላበት። ሲገድል መዘነ። ሲደብቅ ቸኮለ።»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ማክሰኞ ከሰዓት እዚህ ቢሮ ማን ሊገባ ይችላል? እማማ ከውጭው በር አልፈው አያውቁም። ባለቤቱ ሆስፒታል ነበሩ። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ይቀራሉ። የላቦራቶሪው ኬሚካሎች የሚቆለፉበትን ቁም ሣጥንም የሚከፍቱት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ የአርሴኒኩን ጠርሙስ ዛሬ ጠዋት መዝነነዋል፣ መዝገቡ ላይ ካለው ሠላሳ ግራም ጎድሎታል።»

«እኔ አይደለሁም» አለች ንብረት ክፍሏ። ቁልፎቿን በሁለት እጇ ያዘች።

«አውቃለሁ፣ እህቴ። አንቺ ብትሆኚ ሃምሳ አለቃው ሳይመዝን ምሳ ዕቃውን እንዳያስረክብ አትከለክይውም ነበር።»

ምክትሉ ቀስ ብሎ እጁን ፈታ። ይኼ ግምት ነው አለ፤ እሷን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ። ውጤቱን በእጁ ሰጥቷታል፤ መርዙ ሾርባው ውስጥ መኖሩን ያረጋገጠው እሱ ነው። የደበቀ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

«እሱ ላይ ልመጣ ነው» አለች። «አርሴኒክ የሚለውን ቃል ከእኔና ከአንዲት ሐኪም በቀር ማንም አያውቅም ነበር። አንተ በአራት ሰዓት ውስጥ ነገርከኝ። እንዴት ለካኸው?»

«በማሽኑ።»

«በደረቅ ክብደት?»

«በደረቅ ክብደት።»

«የት አደረቅከው?»

ንብረት ክፍሏ ወደ ኮሪደሩ ዞራ ሣጥኗን፣ ጃንጥላዋን አየች። አፏን ከፈተችና ዘጋችው።

«በእሳት ላይ» አለ ምክትሉ። «ትንሽ ወስጄ። በኤሌክትሪክ ምድጃ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«አንድ ሃያ ግራም።»

መርማሪዋ ለሃምሳ አለቃው ምልክት ሰጠችው። እሱም ወጣ፤ ተመለሰ፤ ምሳ ዕቃውን ከማቀዝቀዣው አምጥቷል። ዝግ ብሎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፤ ዝግ ብሎ ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ፤ መነጽሩን ፈለገ። ለመጀመሪያ ጊዜ አላጣደፈችውም።

«የርክክብ ቅጽ፣ ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ» አነበበ። «ምሳ ዕቃ ከነክዳኑ ከነትራፊው፣ ስድስት መቶ አሥራ አራት ግራም። ያስረከበ እኔ። የተረከበ እሳቸው።»

«ሚዛኑስ?»

«ስድስት መቶ አሥራ አራት።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት አቆመ።

«ሃያ ግራም ቀርቶ አንድ ጠብታ አልተነካም» አለች መርማሪዋ። «ለምን ትነካዋለህ? ውስጡ ያለውን ታውቀዋለህ። ያስገባኸው አንተ ነህ። ደግሞም ልማድህ ነው። ማድረቂያው ከተበላሸ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ አንተ በሁለት ወር ውስጥ ሠላሳ ናሙና በደረቅ ክብደት ሪፖርት አድርገሃል። ጋሼ ሚዛን ይኼን አየ። ሰው ነውና አንተን ሳይከስ መጀመሪያ ሊያድንህ ሞከረ። ምናልባት በረንዳ ላይ አድርቆት ይሆን ብሎ ሚስቱን ጠየቀ። እማማን ጠየቀ። በዝናብ አይደርቅም አሉት። ከዚያ አንተን ጠየቀህ።»

ምክትሉ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የተተኮሰው ካፖርቱ ተጨማደደ።

«ሰኞ» አለ። «እስከ ረቡዕ ራስህ ሰርዘው አለኝ። አለበለዚያ እኔ እጽፋለሁ።» የካፖርቱን ጠርዝ ለማቃናት ሞከረ። «ሦስት ወር ጠየቅን። ማድረቂያ የለም። ሪፖርቱ ግን ቀን አለው። የዓምናውን ቁጥር ትንሽ ትንሽ ለዋወጥኩት። ብዙም አይርቅም ነበር እኮ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች መርማሪዋ።

ሚስቱ ተነሳች። ሰውየውን ሳይሆን ሚዛኑን ነበር የምታየው። መስታወቱን አንስታ ቀስ ብላ ከደነችው። ከዚያ ከክፍሉ ወጣች።

ምክትሉን ወሰዱት። አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገና እማማ ዘንቢል መሄድ ትችላለች አለ። ይቅርታ አላለም። አሮጊቷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ታዲያ እንጉዳዬ ይበላል ወይስ አይበላም?»

ሁሉም እርስ በእርስ ተያዩ።

«ንጹሕ ነው ያለው ውሸታም ነው አላችሁ። መርዝ ነው ያለውም እሱው ነው። እኔ ቤት ስገባ ለልጅቷ ምን ልስጣት?»

አዛዡ እስኪለካ ድረስ ማስታወቂያው ይለጠፋል አለ። መቼ ይለካል? ማድረቂያው ሲሠራ። መቼ ይሠራል? ንብረት ክፍሏ በሂደት ላይ ነው አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም አፈረች። መርማሪዋ ገዳይ ይዛ እንደዚህ ባዶ እጇን የቀረችበትን ቀን አታስታውስም። ማዘዣ የምትጽፍለት፣ የምትጮህበት ሰው ፈለገች። ያለው ሁሉ ደብዳቤ ጽፏል።

ኮሪደሩ ላይ ብርጭቆ ሲንኳኳ ተሰማ። ሲወጡ ሃምሳ አለቃው ጃንጥላውን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ብርጭቆዎቹን አውጥቶ ወለሉ ላይ ደርድሯል። ማድረቂያውን ከግድግዳው ስቦ ከጀርባው ተንበርክኳል፤ በጥርሱ ብሎን ይዟል። «መክፈት ክልክል ነው» የሚለው ወረቀት ተቀድዷል።

«ኧረ ተው፣ በእኔ ስም ነው የተመዘገበው» አለች ንብረት ክፍሏ። «የተፈቀደለት ባለሙያ ነው የሚከፍተው።»

ሃምሳ አለቃው ይበልጥ ጎንበስ አለ። ጣቱን ወደ ውስጥ ሰዶ ትንሽ ነገር አወጣና ወደ መብራቱ አነሳው። የጥፍር ያህል መስታወት፤ መሀሉ ያለው ክር ጠቁሯል።

«ምንድነው?» አለች መርማሪዋ።

«ፊውዝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ከደረት ኪሱ ከማፍያው የተረፈውን ፊውዝ አወጣ፤ ገጠመው፤ ሶኬቱን ሰካ። ሣጥኑ ውስጥ ቀይ መብራት በራ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ንብረት ክፍሏ መዳፏን መስታወቱ ላይ አደረገች፤ እንደ ሞቀ ስታውቅ ግንባሯን እዚያው ደግፋ ማልቀስ ጀመረች። አሁን ድምፅዋ ተሰበረ።

መርማሪዋ የተቃጠለውን ፊውዝ ከሃምሳ አለቃው ተቀብላ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ሁለት ግራም አይሞላም።

እማማ ዘንቢል ዘንቢሏን ከፈተች። እንጉዳዮቹ ከሰኞ የተረፉ ናቸው፤ ጠርዛቸው መጨማደድ ጀምሯል። ንብረት ክፍሏ ዐይኗን ጠርጋ አንድ በአንድ መዝና ጻፈች፤ ከዚያ በትሪ አድርጋ አስገባቻቸው። ነገ በዚህ ሰዓት ይደርቃሉ አለች። ከዚያ፣ እዚህ ማሽኑን የሚያሠራ ስለሌለ፣ ወደ ሌላ ከተማ ይላካሉ።

«እጠብቃለሁ» አለች አሮጊቷ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ እያለች። «እስኪደርቅ ድረስ ከእንጉዳዬ አልለይም። አምኜ ትቼ ስሄድ ምን እንደሚጻፍበት አይቻለሁ።»

አዛዡ ከታች መኪና ውስጥ ሆኖ ጡሩምባ ነፋ። ደገመ። መርማሪዋ ስልኳን አጠፋችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንቺ ደግሞ ሥራ የለሽም?» አለች እማማ ዘንቢል።

«ልጅቷ ማን ጋ ናት?»

«ጎረቤት።»

«ሃምሳ አለቃው ሄዶ ያመጣታል።» ቀና ብላ አየችው። «ቶሎ።»

«እሺ አለቃ» አለ፤ ብሎኑን እያጠበቀ።